ከነቀምቴ ደምቢ ዶሎ፣ ግማሽ ሰዓት

አምቦ ውስጥ ርቀትን በኪሎ ሜትር የሚናገር አለ፤ በታሪፍ የሚናገር አለ፤ «እንቅልፍ ሳይወስድህ ትደርሳለህ» የሚልም አይጠፋም። ኦቦ ዓብዲሳ ግን ርቀትን የሚለኩት በቀብር ነበር። የአንድ ከተማ ስም ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ከዚያ የተነሣ ሰው ለቀብር ይደርሳል?»

ጉደር ይደርሳል። ጊንጪ ይደርሳል። ካቺሲ ክረምት ካልሆነ ይደርሳል። ሆሳዕና አይደርስም። በዚህም ምክንያት ከሆሳዕና ሽማግሌ የላከ አንድ መሐንዲስ፣ መልኩም ምግባሩም የማይነቀፍ ሰው፣ አንድ ልጃቸውን መቲን ሳያገኝ ቀረ። ኦቦ ዓብዲሳ ሽማግሌዎቹን በር ድረስ ሸኝተው፣ «ልጁን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት መንገዱን ነው» አሏቸው።

ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በእርሻ ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል አካፋና ቦቲ ጫማ ሲረከቡና ሲያስረክቡ ነው። ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ የእድር ዳኛ አድርጎ መረጣቸውና ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሟች ሲረከቡና ሲያስረክቡ ኖሩ። በዳኝነታቸው የመጀመሪያ ክረምት አንድ ሬሳ ከመቱ የሚመጣ ልጁን ሲጠብቅ ዋለ። ከልጁ በፊት ዝናቡ ደረሰ። ለቀስተኛው በሰበሰ፣ ጉድጓዱ ውኃ ያዘ፣ ወንጌላዊው ሳል ጀምሯቸው ለሁለት እሑድ ስብከት ተስተጓጎለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ኦቦ ዓብዲሳ ደንብ አወጡ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሞላ ማንም አይጠበቅም። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ለሀብታም አልተሰበረም፤ ለሹምም አልተሰበረም።

ይሁን እንጂ ደንቡ ከሁሉ አብልጦ የነከሰው አውጪውን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚደርሱትን ልጆች በዓይናቸው የሚያዩት እርሳቸው ነበሩ። ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ ከእርጥቡ አፈር ፊት ተገትረው፣ ይቀፉት ወይስ ይሽሹት ግራ ሲገባቸው ያያሉ። የዚያን ዕለት ኦቦ ዓብዲሳ ራት አይበሉም። ከትሪው ወዲያ ማዶ የተቀመጠችውን መቲን ዝም ብለው ይመለከታሉ። እሷም፣ «አባ፣ ደግሞ ዛሬ ማን ዘገየ?» ትላቸዋለች።

መቲ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የወደደችው ኢብሳ የሚባል የእጃጂ ልጅ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ። እጃጂ ለቀብር ይደርሳል፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ነበር። ልጁ ግን ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ የተሻለ ሥራ አገኘና ወደ ደምቢ ዶሎ ሄደ። መቲ ወሬውን ለእናቷ ለአዴ ባየሽ ስትነግራቸው እናትዬዋ ሽሮ የሚያማስሉበትን እጃቸውን አቁመው፣ «አይ ልጄ! እዚያማ አባትሽ ከሞት ተነሥቶ ቢጠብቅሽም አትደርሺም» አሉ።

ኢብሳ የላከው ሽማግሌ ኦቦ ቶኩማ ነበሩ። እጃጂ ላይ በቆሎ ሲነግዱ የኖሩ፣ ዛሬ ግን በምላሳቸው ብቻ የሚከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ትንሽ የሚያነክስ ልጅ ሊድሩ ሄደው፣ የልጅቷ አባት «ምነው ያነክሳል?» ቢሏቸው፣ «አያነክስም፤ ሲራመድ ያስባል» ብለው አጋብተዋል ይባላል።

እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው ማለዳ ኦቦ ቶኩማ ሁለት ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ጉዳዩ ካልተሰማ አይቀመጡም፣ ውኃም አይቀምሱም።

«አካም ቡልተን፣ ያ ዓብዲሳ?» አሉ ኦቦ ቶኩማ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደኅና። እናንተስ አካም ቡልተን? ዛሬም ለዚያው ለደምቢ ዶሎው ነው?»

«ለዚያው ነው።»

«ኦቦ ቶኩማ፣ እኔ ልጁን አውቀዋለሁ። ጨዋ ነው። ግን ደምቢ ዶሎ እኮ እንኳን ሰው ወሬም ለቀብር አይደርስ!»

ኦቦ ቶኩማ ከካፖርታቸው ኪስ ስልክ አወጡ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙትና እንደ መዝሙር መሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከነቀምቴ አየር ማረፊያ እስከ ደምቢ ዶሎ አየር ማረፊያ፤ ርቀት በአየር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የበረራ ጊዜ ግማሽ ሰዓት።»

«ማነው ያለው?»

«ስልኩ።»

«ስልኩ ሄዶ ያውቃል?»

«ያ ዓብዲሳ፣ ስልክ የማይሄድበት አለ?»

ኦቦ ዓብዲሳ የነቀምቴው አውሮፕላን ማረፊያ በቅርቡ መከፈቱን ሰምተዋል። ግማሽ ሰዓት! ከዚህ ጉደር በባጃጅ ሲሄዱ እንኳ ሹፌሩ ከጓደኞቹ ጋር ለማውራት የሚቆመው ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። በሆዳቸው ማስላት ጀመሩ። ሌሊት ብሞት ወሬው ንጋት ላይ ይደርሳታል። ከደምቢ ዶሎ ነቀምቴ ግማሽ ሰዓት። ከነቀምቴ አምቦ መኪና። በትንሹ ዘግይታ እንኳ ስምንት ሰዓት ላይ ራስጌዬ ትደርሳለች። ሒሳቡ ሲገጥም ደስታም ቅሬታም ተሰማቸው፤ እምቢ የሚሉበት ነገር በድንገት ከእጃቸው ወጥቷልና።

በሩ ጀርባ ሆና የምታዳምጠው መቲ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «እማ፣ ከነቀምቴ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ አውሮፕላን የለም። ሁለቱም የሚሄዱት አዲስ አበባ ብቻ ነው።»

«ዝም በይ» አሉ አዴ ባየሽ በሹክሹክታ። «አውሮፕላን ከሆነ ውሸቱ፣ ተይው ይብረር።»

ውጭ ኦቦ ዓብዲሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ንብረት ክፍል ስሠራ ያላየሁትን ዕቃ ፈርሜ አልተቀበልኩም። ይሞከር።»

«ምኑ ነው የሚሞከረው?»

«ቀብሬ።»

ኦቦ ቶኩማ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት አጡ።

ነገሩ እንዲህ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን ኦቦ ዓብዲሳ በመረጡት ቀን «ይሞታሉ»። ንጋት ላይ ለኢብሳ ይደወላል። እሱም መቲን እንደሚያመጣት ቆጥሮ ካለበት ይነሣል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አምቦ ግቢያቸው ከገባ ልጅቱ የእሱ ናት። ካልገባ ከእንግዲህ ሽማግሌ አይልክም።

አስቸጋሪው መርዶውን የሚነግር ማግኘት ነበር። አዴ ባየሽ፣ «ሟርት ከአፌ አይወጣም» አሉ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በስልኩ የሚነገረው ሟች በሬ እንዲሆን ተስማሙ። ኦቦ ዓብዲሳ በውሳኔው ቅር ሲላቸው ያዩት ሚስታቸው፣ «ምነው ከፋህ? በሬማ ብትሆን ኖሮ ታርስ ነበር» አሏቸው። እዚያው ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ።

«ሰኞ እሞታለሁ» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ።

«ሰኞ አትሙት። ሰኞ ከዚያ አውሮፕላን የለም፤ መቲ ነግራኛለች። ማክሰኞ ሙት።»

«ሞትን ቀጠሮ ታስይዢዋለሽ? ዋቃ የበረራ ፕሮግራም አይቶ ነው የሚወስደኝ?»

«ዋቃ ሲወስድህ በራሱ ጊዜ ይውሰድህ። የውሸቱን ግን ማክሰኞ ሙትልኝ።»

ማክሰኞ ሞቱ።

ገና ወፍ ሲንጫጫ አዴ ባየሽ ደወሉ። «ኢብሳ ልጄ፣ ቦራው ሞተ።»

«የትኛው ቦራ?» አለ ልጁ በእንቅልፍ ድምፅ።

«ያ ሽማግሌው። ግትሩ።»

«ውይ! ነፍስ ይ...» አለና ነቅቶ ስልኩን ዘጋ።

ኦቦ ዓብዲሳ ለቀብራቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ደንብ ደንብ ነውና ከእድሩ ታዛቢ ጠርተው ነበር፤ ምክትላቸው ጉዩ መጣ። ጉዩ በሬዲዮ ጥገና የሚተዳደር ዝምተኛ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱን ሲቀብር ከካቺሲ የተነሣች እህቱ የደረሰችው የመጨረሻው አካፋ አፈር ሲመለስ ነበር። ጉዩ ያኔ ኦቦ ዓብዲሳን አንዲት ቃል አልተናገራቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እርሳቸው በስብሰባ ንግግር በጀመሩ ቁጥር ሰዓቱን የማየት ልማድ አመጣ። አሁንም ከሟቹ ፊት ለፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሰዓቱን አየ።

አዴ ባየሽ ንፍሮ ቀቅለው አመጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ።

«ንፍሮ የሌለበት ለቅሶ የት አየህ? ባልቴት ሆኜ ሰው ያማኝ?»

ሟቹ ተቆጡ፤ ከዚያ ቀመሱ፤ ከዚያ አስጨመሩ።

ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። ኦቦ ቶኩማ ናቸው። ልጁን ከአውሮፕላን ተቀብለው ሊያበሩት የዘመድ ሚኒባስ ይዘው ከዋዜማው ነቀምቴ አድረዋል። መቲ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ያ ዓብዲሳ፣ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሜያለሁ። ጥበቃውን የደምቢ ዶሎው ስንት ሰዓት ይገባል ስለው ይስቃል። እኔ ሰውዬው ጤና ያለው አልመሰለኝም።»

ወዲያው የኢብሳ ስልክ ገባ። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «አባባ፣ አሁን ልሳፈር ነው። ስልክ ላጠፋ ነው።»

«ጎበዝ! ኦቦ ቶኩማ ነቀምቴ በር ላይ ቆመውልሃል።»

«ነቀምቴ ምን ይሠራሉ? እኔ እኮ የምበረው አዲስ አበባ ነው። ከዚህ ነቀምቴ የሚሄድ የለም። የዚህም አውሮፕላን አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፣ የነቀምቴውም አዲስ አበባ ነው...» ስልኩ ተቋረጠ።

ኦቦ ዓብዲሳ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጎረቤት ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ክፍለ ከተማ ሄዶ መመለስ ነው እንዴ? ያ ግማሽ ሰዓትስ?»

«ግማሽ ሰዓቱ እውነት ነው አባ» አለች መቲ ሣቋን ውጣ። «የሚሄድ አውሮፕላን ቢኖር ማለት ነው።»

«እንዲህማ ከሆነ ሬሳም ነፍስ ቢኖረው ሕያው ነው!»

በዚያ ሰዓት ነገሩን ማፍረስ ይችሉ ነበር። ሽማግሌው ዋሽተዋል ብለው ቢነሡ ማንም አይፈርድባቸውም። አፋቸውንም ከፍተው ነበር። ጉዩ ግን ረጋ ብሎ፣ «የተባለው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይግባ ነው። በየት በኩል አልተባለም» አለ። ኦቦ ዓብዲሳ ምክትላቸውን ትክ ብለው አዩት። ለልጁ የሚያዝን መስሏቸው ተገረሙ፤ አፋቸውንም ዘጉ።

ጥቂት ቆይቶ ከምዕራብ በኩል ጉምጉምታ መጣ። መቲ ቀድማ ወደ ግቢው ወጣች። ሁሉም ተከተሉ፤ ሟቹም ክራባታቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ከጉደር ወዲያ ብቅ አለች፤ ሳትቸኩል፣ በቆርቆሮው ጣራ፣ በባሕር ዛፉ፣ በአናታቸው ላይ አለፈች። መቲ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ አውለበለበች።

«እሱ ነው?» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ።

«ሊሆን ይችላል አባ። ሰዓቱ ነው።»

«ታዲያ ደረሰ እኮ! እዚሁ ነው! አውርዱት በሉ!» እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱ። አውሮፕላኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጊንጪ አቅጣጫ ሲያንስ ሲያንስ ሄደ። እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ቀረ። አንድ ቀን እውነተኛው ቀን ሲመጣ፣ ልጃቸው እንዲህ ከድንኳናቸው በላይ ታልፋለች። ከታች አባቷ ተገንዞ፣ ከላይ እርሷ ቀበቶ ታስራ፣ መውረድ ሳትችል ትሄዳለች። ሆሳዕና ያለ ሰው ቢያንስ በአናትህ ላይ አያልፍም። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። አዴ ባየሽ ብቻ የተዘረጋውን እጅ ይዘው ዝቅ አደረጉትና ወደ በረንዳው መለሷቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኢብሳ አዲስ አበባ አርፎ መኪና ይዞ ተነሣ። «ይደርሳል» አለች መቲ። ሆለታን ሳያልፍ እንደገና ደወለ፤ ድንች የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሰው ሁሉ ሾፌሩን ትቶ ድንች ይለቅማል። ይህን ጊዜ በረንዳው ላይ አንድ ለውጥ ታየ። ኦቦ ዓብዲሳ ከወንበራቸው ተነሥተው ይንጎራደዱ ጀመር።

«ምነው፣ ጎን ለጎን መንገድ የለም? በእርሻው በኩል አይወጡም? ሾፌሩን አገናኙኝ!»

«አንተ ሟች ነህ፤ ቁጭ በል» አሉ አዴ ባየሽ።

ከነቀምቴ ደግሞ ኦቦ ቶኩማ ይደውላሉ። አሁንም ከበሩ አልተነሡም። «አዲስ አበባ ነው ያለው ብትሉኝም ስልኩ ግማሽ ሰዓት ብሏል፤ ምናልባት የሚመጣ ይኖራል» ይላሉ።

ኢብሳ ጊንጪን ሲያልፍ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። «ፍጠን በሉት!» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ።

«አባ፣ ቸኩሎ ቢገለበጥስ?»

«እንግዲያው በቀስታ ይምጣ። በቀስታ ሆኖ ግን ፈጠን ይበል።» በሩን ከፈቱ፤ አስፋልቱን አዩ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ከፈቱ።

ጉዩ ከበርጩማው ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘው። «ዘጠኝ ሰዓት ሞላ» አለ። «ኦቦ ዓብዲሳን ቀብረናል። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ቆይ እንጂ ጉዩ! ጊንጪን አልፏል እኮ! መንገድ ላይ ነው! ጥቂት ብቻ ነው የቀረው!»

«እህቴም ጥቂት ብቻ ነበር የቀራት» አለ ጉዩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባርኔጣውንም መልሶ አላደረገም።

ኦቦ ዓብዲሳ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው አገኙና ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንደዚያ ቀን ለሰው አንሰው ታይተው አያውቁም። ጉዩም ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር፤ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ኢብሳ ሲገባ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ነበር። ሰዓቱን አላየም፤ የመቲን ፊት አየና ገባው። ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ከበረንዳው ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ልጄ፣ አልደረስክም» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። የፈለጉት ይህ አልነበረም፤ ግን ሌላ ቃል አልመጣላቸውም። «እኔ...»

«ማነው የሚናገረው?» አሉ አዴ ባየሽ ድንገት። ሁሉም ዞሩ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። «ጉዩ፣ አንተ የእድሩ ሰው ነህ። ባለቤቴን ቀብራችኋል አይደል?»

ጉዩ ትንሽ አሰበ። ጺሙ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ቀብረናል አዴ ባየሽ። ልክ በዘጠኝ ሰዓት።»

«ሟች ከተቀበረ በኋላ የቤቱ ጉዳይ የሚጠየቀው ማነው?»

«ሚስትየው ናት።»

«እንግዲያው ይሰማ። እኔ መቲን ለኢብሳ ሰጥቻለሁ። ሩቅ ቢሆንም ሰጥቻለሁ። ይኸው እንደምታዩት፣ የሚመጣ ሰው ይመጣል።»

መቲ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦቦ ዓብዲሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ባየሽ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ...»

«ሟች አይናገርም» አለ ጉዩ። «ደንብ ነው።»

ኦቦ ዓብዲሳ አንድ ቃል ቢናገሩ ሁሉም ነገር ይፈርስ ነበር፤ ቤቱ የእርሳቸው ነው፣ ልጅቱ የእርሳቸው ናት፣ ቀብሩም ጨዋታ ነው። ጉዩን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ሻንጣውን መሬት ማስቀመጥ ረስቶ የቆመውን ልጅ አዩ። ከዚያ መልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አነባበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቲ ጠጋ ብላ ስትስማቸው ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። የሣቅ ይሁን የሌላ አልጠየቀቻቸውም።

ኢብሳ ንፍሮ ቀረበለት። የሚበላው በለቅሶ ይሁን በእጮኝነት ሳይገባው ሳህኑን ጠረገ። ጉዩ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። መቲ ነቀምቴ የቀሩትን ኦቦ ቶኩማን «ተሳክቷል፣ ይመለሱ» ብላ ደወለችላቸው፤ እርሳቸውም «አላልኳችሁም? ግማሽ ሰዓት ነው ብዬ ነበር» አሏት። ወጣቶቹ ወደ መንገዱ ሲወጡ በረንዳው ላይ ባልና ሚስት ብቻ ቀሩ።

አዴ ባየሽ የባላቸውን ክራባት ፈቱላቸው። «እህሳ፣ መሞት እንዴት ነው?»

ኦቦ ዓብዲሳ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ደኅና ነው። ክፋቱ ብትናገሪ የሚሰማሽ የለም።»

«እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያው ነኝ» አሉ አዴ ባየሽና የንፍሮውን ድስት አንሥተው ገቡ።